ሆዳችንም አማና ነው



ምስጋና ሁሉ ለአላህ የተገባ ነው። ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይሁን።

ውድ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ በዛሬው ጁሙዓ የማነሳው ጉዳይ ከወጣቶች ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ ነው። "ኡስታዝ፣ የምበላው ሐላል እስከሆነ ድረስ ምን በላሁ፣ ምን ያህል በላሁ የሚለው ነገር የዲን ጉዳይ ነው ወይስ የሐኪም?" ይሉኛል። ጥያቄው ቀላል ይመስላል፤ አይደለም። ስለ ምግብ ብቻ ሳይሆን ስለ ሰውነታችን ባለቤት የሚጠይቅ ነውና።

ጥያቄው ለምን እንደበዛም ይገባኛል። ስልካችንን ስንከፍት አንዱ ስለ አንጀት ጤና ይነግረናል፣ ሌላው ስለ ብግነት (ኢንፍላሜሽን) ያስፈራራናል፣ ሦስተኛው ደግሞ "የነቢዩ መድኃኒት" ብሎ ጠርሙስ ይሸጥልናል። በሌላ በኩል በዶርም፣ በሱቅና በሰፈር "ጨጓራዬ" የማይል ወጣት ማግኘት እየከበደ ነው። በዚህ መሐል ሁለት ዓይነት ሰዎች ይታያሉ። አንዱ "ሐላል ነው፣ በቃ" ብሎ እስኪያቅተው ይበላል። ሌላው ምግብን ዲኑ አድርጎ ጉርሻ ሲቆጥር ይውላል፣ የማይቆጥረውንም ይንቃል። ዲናችን ከሁለቱም መሐል የቆመ ነው። እስኪ በእርጋታ እንየው።

"ሐላል" ብቻ አልተባልንም

አላህ በሱረቱል በቀራህ 168ኛው አንቀጽ የሰውን ልጅ በሙሉ ሲጠራ፣ በምድር ካለው ነገር ሐላልም ጦይብም የሆነውን እንድንበላ ያዝዘናል። ቃላቱ ሁለት ናቸው። ሐላል ማለት የተፈቀደ ማለት ነው። ጦይብ ማለት ደግሞ መልካም፣ ንጹሕ፣ ነፍስ የምትወደውና አካልን የማይጎዳ ማለት ነው። ታላቁ ሙፈሲር ኢብኑ ከሢርም ይህን አንቀጽ ሲያብራሩ ጦይብ ለሰውነትም ለአእምሮም የማይጎዳ መሆኑን ጠቅሰዋል። እኛ ግን ብዙ ጊዜ የመጀመሪያውን ቃል ይዘን ሁለተኛውን ጥለነዋል። ብስኩት ስንገዛ የአሳማ ጄላቲን እንዳይኖርበት ማሸጊያውን እናገላብጣለን፤ ደግ አድርገናል። ስኳሩ ምን ያህል እንደሆነ የተጻፈው ግን እዚያው አጠገቡ ነው፤ ዓይናችን ዘሎት ያልፋል።

ሰውነትን መጠበቅ በዲናችን ምን ያህል ቦታ እንዳለው የሚያሳይ አንድ ታሪክ ላስታውሳችሁ። ዐምር ኢብኑል ዓስ (ረ.ዐ) በዛቱ ሰላሲል ዘመቻ ሳሉ በጣም በቀዘቀዘ ሌሊት ጀናባ ሆኑ። በዚያ ብርድ ቢታጠቡ ሕይወታቸው እንዳያልፍ ፈሩ፤ ስለዚህ ተየሙም አድርገው ጓዶቻቸውን አሰገዱ። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በተነገረ ጊዜ ዐምር ማስረጃ ያደረጉት ነፍሳችንን እንዳንገድል የሚከለክለውን የሱረቱ ኒሳእ አንቀጽ ነበር። ነቢዩም ሳቁ፤ ምንም አልተናገሯቸውም። የጎጃም ደጋ ልጅ የንጋት ውሃን የሚያውቅ ሁሉ ይህ ታሪክ ይገባዋል። ልብ በሉ፤ ጉዳዩ ሰላት ነው፤ ከዲን ምሰሶዎች ትልቁ። ለሰላት በሚደረግ ትጥበት እንኳ ሰውነትን ለጉዳት ማጋለጥ ካልተፈለገ፣ ለምላስ ደስታ ሲባል ማጋለጥ እንዴት "የግሌ ጉዳይ" ይሆናል?

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሌሊቱን በሰላት፣ ቀኑን በጾም ሲያሳልፍ ለነበረው ለወጣቱ ዐብደላህ ኢብኑ ዐምርም ሰውነቱ በእርሱ ላይ ሐቅ እንዳለው ነግረውታል። ሐቅ አለው ማለት ባለ መብት ነው ማለት ነው። ሰውነታችን የእኛ ንብረት ቢሆን ኖሮ በእኛ ላይ መብት አይኖረውም ነበር፤ ንብረት ባለቤቱን አይከስም። አማና ግን ይከሳል። አማና የተቀበለ ሰው ዕቃውን ማበላሸት እንደማይችል ሁሉ፣ አላህ ያስረከበንን አካልም እንደፈለግን ማድረግ አንችልም።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጥያቄ መልሱ ይህ ነው፤ አዎ፣ የዲን ጉዳይ ነው። የፊቅህ ሊቃውንት ከጥጋብ በላይ መብላትን የጠሉት፣ የሚጎዳ መሆኑ ሲታወቅ ደግሞ የከለከሉት ለዚህ ነው። ራስንም ሌላውንም መጉዳትን የሚከለክለው የሐዲስ መርሕ የራስን ሆድ አይዘልም።

ወደ ምግባችን እንመልከት

ሱረቱ ዐበሰ ውስጥ አላህ የሰው ልጅ ወደ ምግቡ እንዲመለከት ያዝዛል፤ ቀጥሎም ዝናቡን፣ የምትሰነጠቀውን መሬት፣ እህሉን፣ ወይኑን፣ ወይራውን ይዘረዝራል። ያለፉት ዑለማዎች ምግቡ ከየት እንደመጣ በማየት አስተነተኑ። በዘመናችን ደግሞ ምግቡ ከተዋጠ በኋላ የት እንደሚደርስ ለማየት አላህ በር ከፍቶልናል።

በትልቁ አንጀታችን ውስጥ በትሪሊዮን የሚቆጠሩ ረቂቅ ሕዋሳት ይኖራሉ። አብዛኞቹ ጠላት አይደሉም፤ አብረውን የሚኖሩ ሠራተኞች ናቸው። የእኛ ሆድ ሊፈጨው የማይችለው የእህልና የአትክልት አሰር (ፋይበር) ለእነርሱ ቀለብ ነው። እነርሱ አሰሩን አብላልተው ቡታይሬት የመሳሰሉ ውህዶችን ያወጣሉ፤ ቡታይሬት ደግሞ የአንጀትን ግድግዳ ለሸፈኑት ሕዋሳት ዋና ምግባቸው ነው። ግድግዳው ሲጠነክር የሰውነት መከላከያችን ይረጋጋል።

አሰሩ ሲቋረጥስ? በአይጦች ላይ በተደረገ ምርምር እንደታየው፣ የተራቡት ባክቴሪያዎች ዞረው የአንጀትን ግድግዳ የሚጠብቀውን ልስልስ ሽፋን መብላት ይጀምራሉ። ያኔ የሰውነት መከላከያ ይቆጣል። ብግነት በራሱ ክፉ ነገር አይደለም፤ ጣታችን ሲቆረጥ የሚቀላውና የሚያብጠው ሰውነት ራሱን ሲከላከል ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ይህ ቁጣ ቁስል በሌለበት ዝግ ብሎ ለዓመታት ሲዘልቅ ነው። ከስኳር በሽታ፣ ከልብ ሕመምና ከአንዳንድ የካንሰር ዓይነቶች ጋር የተያያዘውም እንዲህ ያለው ብግነት ነው።

ሱብሓነላህ! እኛ "ገለባ ነው" ብለን የናቅነው ነገር በውስጣችን ላሉት የአላህ ፍጡራን ሪዝቅ ነበር። በማናውቀው ቦታ የምንመግባቸው ተቀላቢዎች አሉን ማለት ነው።

ያፈርንበት መሶብ

በ2025 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት ለእኛ ቅርብ ስለሆነ ልንገራችሁ። ጥናቱ የተደረገው በጎረቤት ታንዛኒያ፣ በኪሊማንጃሮ አካባቢ፣ በ77 ጤነኛ ወንዶች ላይ ነው። በገጠር የባህል ምግባቸውን ሲበሉ የኖሩት ለ2 ሳምንት ብቻ ወደ ፈረንጅኛው፣ በፋብሪካ የተቀናበረ ወደሚበዛበት አመጋገብ ተዛወሩ። በከተማ በዚያ አመጋገብ የለመዱት ደግሞ ወደ ባህሉ ምግብ፣ ወደ አትክልቱና ወደ ጥራጥሬው ተመለሱ። ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ፤ በመጀመሪያዎቹ ደም ውስጥ የብግነት ምልክቶች ጨመሩ፣ በሁለተኞቹ ቀነሱ። 2 ሳምንት! ከአንድ ረመዷን ግማሽ ማለት ነው።

አሁን ወደ እኛ ደጋ እንምጣ። ጤፍ ከደቃቅነቱ የተነሳ ገለባው ተለይቶ አይወጣም፤ ከነሙሉ አካሉ ይፈጫል፣ አሰሩም አብሮ ይቀራል። ሊጡ በእርሾ 2 እና 3 ቀን ሲብላላ፣ ብረትንና ሌሎች ማዕድናትን አስሮ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል፤ ሰውነታችን ማዕድኑን ለመውሰድ ይቀለዋል። (ምጣዱ ላይ ሲጋገር ሕያዋኑ ባክቴሪያዎች ይሞታሉ፤ ስለዚህ "እንጀራ ሕያው ባክቴሪያ ይሰጣል" የሚሉትን አትመኑ። ጥቅሙ በአሰሩና በመብላላቱ ነው።) ከጮቄ ተራራ ሥር የሚወጣው ገብስ ቤታ ግሉካን የሚባል አሰር አለው፤ ስኳር ወደ ደም የሚገባበትን ፍጥነት ይገታል፣ ኮሌስትሮልንም ይቀንሳል። በሶው፣ ቆሎው፣ ገንፎው ሁሉ ከእርሱ ነው። ባቄላው፣ አተሩ፣ ሽምብራው፣ ምስሩ፣ ተልባው፣ ጎመኑ ከገበያችን ጠፍቶ አያውቅም።

እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) በቤታቸው ሰው ሞቶ ሴቶች ሲሰበሰቡ ተልቢና የሚባል የገብስ አጥሚት ያሠሩ ነበር፤ የታመመን ልብ እንደሚያሳርፍ ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰምተው ነበርና። በነቢዩ ቤት የሚበላው እንጀራም በአብዛኛው የገብስ ነበር።

ታዲያ እኛ ከዚህ ምግብ ያራቀን ምንድን ነው? ሐቁን እንናገር። ብዙ ጊዜ ሐፍረት ነው። እንግዳ ሲመጣ ቆሎ ማቅረብ ያሳፍረናል፤ ለስላሳና ብስኩት ለመግዛት ልጅ ወደ ሱቅ እንልካለን። ጥቁር ጤፍ "የድሃ" ተብሎ ማኛው ብቻ ይከበራል። ተማሪው ከቤት በሶ ተልኮለት ጓደኞቹ እንዳያዩት ይደብቀዋል፤ እንዶሚውን ግን በግልጽ ይቀቅላል። እህቴ፣ ወንድሜ፣ ይህ የጣዕም ጉዳይ ብቻ አይደለም። አላህ የሰጠንን ጸጋ ሰዎች እንዳይንቁን ብለን መደበቅ የልብ በሽታ ነው። ሱረቱ ተካሡር በመጨረሻው አንቀጹ ስለ ጸጋ እንደምንጠየቅ ይነግረናል። "ምን በላህ?" ብቻ ሳይሆን "የሰጠሁህን ለምን ናቅህ?" ተብለን ብንጠየቅስ?

የእናት አባት ምግብ ሁሉ ጦይብ ነው ማለቴ ግን አይደለም። ጓያ በችግር ጊዜ ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን እግር እንደሚያሽመደምድ ገበሬዎቻችን በመራራ ልምድ ያውቁታል። ግብጦም ምሬቱ ሳይወጣለት ቢበላ ይመርዛል። ለዚህም ነው እናቶች ቆልተው፣ ቀቅለው፣ ለቀናት በወራጅ ውሃ የሚያቆዩት። አላህ በአንድ ፍሬ ውስጥ መርዝና ጥቅምን አኑሮ፣ መለያውን ለሰው ልጅ ትዕግሥት ሰጠው። ጦይብ የሆነ ምግብ ብዙ ጊዜ የሰው ልፋት አለበት፤ ያንን ልፋት የሚከፍሉት ደግሞ በአብዛኛው እናቶቻችንና እህቶቻችን ናቸው።

ጤና ሚዛን አይደለም

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ቅድም በጠቀስኩት የታንዛኒያ ጥናት ሦስተኛ ቡድን ነበር። ለአንድ ሳምንት ከሙዝ የተጠመቀ የባህል መጠጥ ጠጡ፤ ብግነታቸውም ቀነሰ ተባለ። መጠጡ አልኮል አለበት። እንግዲህ ምን እንላለን? ጥናቱን እንክዳለን? ወይስ መጠጡን እንፈቅዳለን?

ሁለቱንም አናደርግም። ቁርኣን በሱረቱል በቀራህ 219ኛው አንቀጽ አስካሪ መጠጥና ቁማር ለሰዎች ጥቅም እንዳላቸው አልካደም፤ ኃጢአታቸው ከጥቅማቸው እንደሚበልጥ ነው የነገረን። ሙእሚን ሐቅ አያስፈራውም። ጥቅም አለው የተባለ ነገር ሁሉ ሐላል አይሆንም፤ ሐራም የሆነ ነገር ሁሉም ምንም ጥቅም እንደሌለው ማስረዳት አይጠበቅብንም። ያው የጎጃም ግብጦ ለቆሎም ይሆናል፣ ለአረቄም ይሆናል፤ እኛ ቆሎውን እንይዛለን። የሐላልና የሐራምን ድንበር ያሰመረው አላህ ነው። ከድንበሩ ውስጥ ሆነን የተሻለውን ለመምረጥ ግን ዕውቀት ያግዘናል።

በተመሳሳይ፣ በዲን ስም የሚነገረውንም እናጣራ። "ሆድ የበሽታ ቤት ናት፣ ከምግብ መቆጠብም የመድኃኒት ራስ ነው" የሚለው ንግግር በየገጹ ሐዲስ ተብሎ ይለጠፋል። ኢብኑል ቀዪም ዛዱል መዓድ በተባለው መጽሐፋቸው እንዳስረዱት ይህ የዐረቦች ሐኪም የነበረው የሐሪሥ ኢብኑ ከለዳህ ንግግር ነው። መልካም ንግግር ነው፤ ነገር ግን መልካም ስለሆነ ብቻ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ማስጠጋት አይቻልም። ከእሳቸው የተላለፈው ከቲርሚዚ ዘንድ ይበቃናል፤ የሰው ልጅ ከሆዱ የከፋ ዕቃ እንደማይሞላ፣ ጀርባውን የሚያቀኑለት ጥቂት ጉርሻዎች እንደሚበቁት፣ የግድ ከሆነ ደግሞ ሢሶውን ለምግብ፣ ሢሶውን ለመጠጥ፣ ሢሶውን ለትንፋሽ እንዲያደርግ አስተምረዋል።

ጥቁር አዝሙድንም በተመለከተ የመጣው ሐዲስ ሰሒሕ ነው፤ በቡኻሪ ተዘግቧል። ግን ሐዲሱ የነጋዴ ማስታወቂያ አይደለም። የስኳር በሽተኛን "መድኃኒትህን ጣልና ይህን ዘይት ጠጣ" የሚል ሰው በነቢዩ ስም ሰውን ለጉዳት እየዳረገ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው ሰዎች እንዲታከሙ አዝዘዋል።

የታመመን አንክሰስ

ሰውነት አማና ነው ስንል አንድ አደገኛ መንሸራተት ይመጣል። "የታመመው አማናውን ስላጎደለ ነው" የሚል። አዑዙ ቢላህ! ነቢዩ አዩብ (ዐ.ሰ) ለዓመታት ታመዋል፤ ከአላህ ዘንድ ያላቸው ደረጃ ግን በትዕግሥታቸው ከፍ አለ። በሽታ ፈተናም፣ የኃጢአት ማበሻም ሊሆን ይችላል፤ ሁልጊዜ የጥፋት ማስረጃ አይደለም።

የጨጓራን ነገር ውሰዱ። ለብዙ ዘመን ሐኪሞችም ጭምር የጨጓራ ቁስለት የሚመጣው ከጭንቀትና ከምግብ ነው ይሉ ነበር። በ1982 (እ.ኤ.አ.) ባሪ ማርሻልና ሮቢን ዋረን የተባሉ ሁለት አውስትራሊያውያን ሄሊኮባክተር ፓይሎሪ የተባለውን ባክቴሪያ አገኙ፤ የብዙው ቁስለት መነሻ እርሱ መሆኑ ተረጋግጦ በ2005 የኖቤል ሽልማት ተሰጣቸው። ስለዚህ ጨጓራው ያመመውን ወንድም "በርበሬ ስላበዛህ ነው" ብላችሁ አትገሥጹት። ይመርመር፣ የታዘዘለትን መድኃኒት እስከ መጨረሻው ይዋጥ። ባክቴሪያው ከሰው ወደ ሰው ስለሚተላለፍ እጅ መታጠቡ፣ የመጠጥ ውሃን ንጽሕና መጠበቁም ይረዳል፤ ጠሃራ ለዱንያም ይጠቅማል። በረመዷንም ሐኪም መጾም እንደሚጎዳው ከነገረው፣ አላህ ለታመመ ሰው የፈቀደውን ሩኽሷ ይቀበል። ሩኽሷ የአላህ ስጦታ ነው፤ የሚያሳፍር ነገር አይደለም።

ድህነትም አለ። በዚህ የኑሮ ውድነት፣ መንገድ በሚዘጋበት፣ ሥራ በሚቆምበት ጊዜ የኑግ ዘይት መግዛት ያቃታት እናት የሚረጋውን ዘይት ብትገዛ ተጠያቂ አይደለችም። አላህ ነፍስን ከዐቅሟ በላይ አያስገድድም። ጥያቄው ወደ እርሷ ሳይሆን ወደ ዐቅም ያለን ሰዎች ነው። ስለ አንጀቱ ጤና የሚጨነቅና ጎረቤቱ ጦሙን ማደሩን የማያውቅ ሰው፣ ስለ ሆዱ አወቀ እንጂ ስለ አማና አላወቀም።

አማናው የበላተኛው ብቻ አይደለም

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ ሲያልፉ በአንድ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን ከተቱ፤ ከውስጡ እርጥበት አገኙ። ባለ እህሉ "ዝናብ መታው" ቢል፣ ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ እንዳላደረገው ጠየቁት፤ የሚያታልል ከእኛ እንዳልሆነም ተናገሩ። ይህን የምጽፈው ብዙዎቻችን የነጋዴ ልጆች ስለሆንን ነው። በርበሬ ላይ ባዕድ ነገር መደባለቅ፣ ቅቤን ከሌላ ስብ ጋር ማቅለጥ፣ ቀኑ ያለፈበትን ዕቃ ቀኑን ፍቆ መሸጥ በአገራችን የምንሰማው ነው። የራሱን ቅቤ ከገጠር ዘመድ እያስመጣ ለሌላው የተደባለቀውን የሚሸጥ ሰው፣ ጦይብን ለራሱ፣ ርኩሱን ለወንድሙ መድቧል። የሌላው ሰው አንጀትም አማና ነው።

በማዕዱ ላይም አደብ አለ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ነቅፈው አያውቁም ነበር፤ ከወደዱት ይበሉታል፣ ካልወደዱት ይተዉታል። ስለ ጤናማ አመጋገብ ሁለት ቪዲዮ አይቶ የእናቱን ወጥ "ይህ መርዝ ነው" የሚል ልጅ፣ ሱናን ለመከተል ብሎ ሱናን ጥሷል። እናትህን ማሳዘን ዘይት ከማብዛት ይከፋል። ከፈለግህ ገበያ ውረድ፣ ጎመኑን ገዝተህ ና፣ አብረሃት ክተፍ። ጤናማ ምግብ ደክሟት በምትሠራ አንዲት ሴት ትከሻ ላይ ብቻ የሚወድቅ ትእዛዝ መሆን የለበትም።

መጥገብ በራሱም ወንጀል አይደለም። አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) በረሃብ ሆዳቸው ታጥፎ ሳለ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የወተት ዕቃ አገኙ። ግን መጀመሪያ የመስጊዱን ድሆች፣ አህሉ ሱፋን እንዲጠሯቸው አዘዟቸው። ሁሉም ጠጡ፤ ከዚያ አቡ ሁረይራ ማለፊያ ቦታ እስኪያጡ ድረስ "ጠጣ" እየተባሉ ጠጡ። ነቢዩ ግን ራሳቸው በመጨረሻ ጠጡ። ተመልከቱ፤ አንድ ቀን ከወዳጅ ጋር መጥገብ አለ፤ ግን ተጋርቶ። በየቀኑ ብቻ በልቶ መወጠር ደግሞ ሌላ ነው።

ከዚህ ጁሙዓ ጀምሮ

ብዙ አልጠይቃችሁም።

1. ስንበላ ኒያ እናድርግ። "ለኢባዳና ለሥራ እንድበረታ" ብሎ ቢስሚላህ ያለ ሰው ማዕዱ ኢባዳ ይሆንለታል።

2. በሳምንት ውስጥ ጥቂት ቀን ለስላሳውንና ብስኩቱን በቆሎ፣ በበሶ፣ በተቀቀለ ባቄላ እንተካ። ለእንግዳም በኩራት እናቅርበው። አሰር ያልለመደ ሆድ ግን እንዳይነፋ ቀስ በቀስ ይጨምር፣ ውሃም ይጠጣ።

3. እርጎ ለምትወዱ፣ ወተቱ አስቀድሞ ፈልቶ የረጋ ይሁን፤ ጥሬ ወተት በሽታ ሊያስተላልፍ ይችላል።

4. ሳንወጠር እጃችንን እናንሣ። ሱረቱል አዕራፍ 31ኛው አንቀጽ መብላትንና መጠጣትን ፈቅዶ ማባከንን እንደከለከለ እናስታውስ። የረመዷን ኢፍጣርም በዚህ ውስጥ ይገባል፤ ቀኑን ጾመን ማታውን በጥብስና በስኳር የምንበቀለው ነገር መሆን የለበትም።

5. ቢቀንስ የሚበቃንን ምግብ ለአንድ ሰው እናካፍል። የሁለት ሰው ምግብ ለሦስት እንደሚበቃ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አስተምረውናል። ሆዳችን ሲቀልለት የሌላው ሆድ እንዲሞላ እናድርግ።

ጤናችንን የምንጠብቀው ሞትን ለመሸሽ አይደለም፤ ሁላችንም እንሞታለን። ገብስ እየበላ በወጣትነቱ የሚሞት አለ፣ ያገኘውን እየበላ የሚያረጅ አለ፤ ዕድሜ በአላህ እጅ ነው። እኛ የምንጠየቀው ስንት ዓመት ኖርን ብለን ሳይሆን የተሰጠንን በምን አዋልነው ተብለን ነው። ለሱጁድ የሚታጠፍ ጀርባ፣ ለወላጅ የሚሮጥ እግር፣ ለፈጅር የሚነቃ አካል ከአላህ የተሰጡን አማናዎች ናቸው፤ እስከሚወስዳቸው ድረስ በደንብ እንያዛቸው።

አላህ ሆይ፣ ሪዝቃችንን ሐላልም ጦይብም አድርግልን። የሰጠኸንን ከመናቅ፣ ያልሰጠኸንን ከመመኘት ጠብቀን። የታመሙብንን አሽርልን፣ የተራቡብንን አጥግብልን፣ ለአገራችን ሰላም፣ ለመንገዶቻችንም ደኅንነት ስጥ። አሚን።

ዛሬ ሱረቱል ካህፍን መቅራትና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማብዛትን አትርሱ። ጁሙዓ ሙባረክ።